ውሻችሁ ከመሞቷ በፊት ፎርሙን ፈርሙ

ይህን የምጽፈው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የማይድን ውሻውን በመርፌ በሰላም እንዲሞት ለማድረግ ይዞ ክሊኒክ ለሚሄድ ሰው ነው። ዛሬ ማታ አንብቡት። ነገ ጭንቅላታችሁ ምንም ነገር አያነብም።

ዳማ አሮጊት ውሻ ነበረች። መጀመሪያ ኩላሊቷ ደከመ፣ ቀጥሎ የኋላ እግሮቿ ከዷት። መድኃኒቱ ለጊዜው ሠራ፣ ከዚያ መሥራት አቆመ። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ጽፎታል፤ አልደግመውም።

ስለ ውሳኔው ግን አንድ ነገር ልበል። "ጊዜው ሲደርስ ራሷ ትነግርሃለች" ይላሉ፤ ሐኪሞችም ሳይቀሩ። አልስማማም። ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። ዳማ ቆማ መሽናት አቅቷት እንኳን እኔ ስገባ ጭራዋን ትቆላ ነበር። ጭራዋን ሳይ "ገና ነው" እላለሁ፣ እግሯን ሳይ "አልፏል" እላለሁ። የረዳኝ አንድ ወረቀት ነው። አሊስ ቪላሎቦስ የምትባል አሜሪካዊት የእንስሳት ሐኪም ያዘጋጀችው መመዘኛ አለ። ሕመም፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ የደህና ቀኖች መብዛት፤ ሰባቱም ከ10 ነጥብ ይሰጣቸዋል። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ኑሮዋ ደህና ነው ማለት ነው። ማታ ማታ እሞላዋለሁ። ቁጥሩ አልወሰነልኝም፤ ራሴን እንዳላታልል ግን ያዘኝ።

መርፌው ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደህና ነበር። በመጀመሪያ ማደንዘዣ ተወጋች። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጥላ ማንኮራፋት ጀመረች። እንደዚያ ተመችቷት ስትተኛ ካየኋት ቆይቼ ነበር። ከዚያ ሐኪሙ የፊት እግሯን ፀጉር ላጨና በደም ሥሯ ፔንቶባርቢታል ሰጣት። እሱም የማደንዘዣ ዘር ነው፤ መጠኑ ሲበዛ መጀመሪያ አንጎልን ያደነዝዛል፣ ቀጥሎ ትንፋሽንና ልብን ያቆማል። ደቂቃዎች ናቸው። ሐኪሙ በማዳመጫው ልቧን ሰማና "አልፋለች" አለኝ።

ከዚያ ዳማ ተነፈሰች።

ደረቷ ተነሣ፣ አፏ ተከፈተ፣ አየር ሳበች። ዓይኗ እንደተከፈተ ነው። "ኧረ አልሞተችም!" ብዬ ጮኽኩ። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ "የተለመደ ነው" አለ። ለማን ነው የተለመደው? በኋላ ነው ያጣራሁት። ልብ ከቆመ በኋላ ጡንቻ ሊንቀጠቀጥ፣ ደረትም አየር ሊስብ ይችላል። ዓይን ብዙውን ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሽንትና ሰገራም ያመልጣል። ይህ ሁሉ ሕመም አይደለም፤ እንስሳው አያውቀውም። ይህን መናገር ጓንት ከማውለቅ የበለጠ ጊዜ አይፈጅም ነበር።

ሐኪሙን ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅር ያላልኩት ከክፍሉ ውጭ የጠበቀኝን ወረቀት ነው።

ፊቴን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ወጣሁ። ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ ሒሳቡን ሰጠችኝ። ከሥሩ ሬሳዋ ይቃጠል ወይስ ባለቤቱ ይውሰደው የሚል ፎርም ነበር። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ቡችላ ታቅፎ ተራ ይጠብቃል፤ ቡችላዋ ታለቅሳለች። ልጅቷ "እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋም" እያለች በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችኝ። "አመዷን ትሰጡኛላችሁ አይደል?" አልኳት። "አዎ፣ እንደውልልዎታለን" አለችኝ። ፈረምኩ።

የደወለ የለም። ጠብቄ ጠብቄ ራሴ ደወልኩ። "አንድ ጊዜ ይጠብቁ" ተባልኩ፣ ሙዚቃ ሰማሁ፣ ሌላ ሰው ተቀበለኝ፣ እንደገና ሙዚቃ። በመጨረሻ አንዱ "በፎርሙ መሠረት በጋራ ነው የተቃጠለችው" አለኝ።

"በጋራ ማለት?"

"ከሌሎች እንስሳት ጋር። አመዱ አይመለስም።"

"እኔ እኮ ጠይቄ አዎ ተብያለሁ!"

"እሱ ፎርሙ ላይ የለም፣ ጌታዬ።"

ቅጂውን በኢሜይል ላኩልኝ። ሦስት ሳጥኖች አሉት፤ "ለብቻ"፣ "በጋራ"፣ "ባለቤቱ ይወስዳል"። አንዱም ላይ ምልክት የለም። ከሥር የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል "ምርጫ ካልተደረገ በጋራ ይፈጸማል" ይላል። የልጅቷ እስክሪብቶ ሳጥኖቹን ዘሎ በቀጥታ ወደ ፊርማው መስመር ነበር የሄደው። ሦስት ቦታ አስፈርማኛለች። አንዲት ሳጥን ግን አላሳየችኝም።

ኃላፊውን አነጋገርኩ። "ሐዘንዎን እንረዳለን" አለ። ቀጥሎ ውሻዋ ምንም እንዳልተሰማት አስረዳኝ። "የሚሰማኝማ እኔ ነኝ" አልኩት። ዝም አለና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ለሚቀጥለው እንስሳዎ ቅናሽ እናደርግልዎታለን።" ስልኩን ዘጋሁበት። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ አድርጉ የምለው ይህንን ነው። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ሂዱና ፎርሙን ተቀምጣችሁ አንብቡ። ሳጥኑን በገዛ እጃችሁ ሙሉ፣ ፎቶ አንሱት፣ ሒሳቡንም ያኔውኑ ጨርሱ። በማግስቱ ከዚያ ክፍል ስትወጡ ማንም ሰው እስክሪብቶ እንዳያቀብላችሁ። "ለብቻ" ሲሏችሁም ዝም ብላችሁ አትመኑ። አንዳንድ ቦታ እንስሳቱ አንድ ምድጃ ውስጥ ተራርቀው ወይም ተጋርደው አብረው ይቃጠላሉ፣ አመዱ ተለያይቶ ይሰበሰባል፤ ያንንም ለብቻ ይሉታል። "ምድጃው ውስጥ እሷ ብቻ ናት ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

የፀጉሩም ነገር ያንገበግበኛል። ከእግሯ የላጩት ፀጉር ወለሉ ላይ ነበር፤ ጠርገው ጣሉት። ቀድማችሁ "ስጡኝ" በሉ። የመዳፏን አሻራ የምትፈልጉ ከሆነም ማደንዘዣው ከያዛት በኋላ፣ በቀለምና በወፍራም ወረቀት ይወሰዳል። አመድ ለማይመለስለት ሰው እነዚህ ትልቅ ነገር ናቸው።

የክሊኒክ መመሪያዎች "አካሉን ለባለሙያ ይተዉ" ይላሉ። ቦታውና አቅሙ ካላችሁ እኔ ወደ ቤት ውሰዷት ባይ ነኝ። ሰውነቷ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መድረቅ ይጀምራል፤ ስለዚህ ሳትደርቅ እግሮቿን አጣጥፋችሁ እንደምትተኛው አስተኟት። ከሥሯ ፈሳሽ የሚመጥ ጨርቅ አንጥፉ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩአት። መቅበር በሚፈቀድበት ቦታ የምትቀብሩ ከሆነ አንድ ሜትር ያህል ቆፍሩ፣ ከውሃ ራቁ፣ በፕላስቲክ ሳይሆን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉ። ጥልቀቱ ለወግ አይደለም። ፔንቶባርቢታል ሬሳው ውስጥ ይቆያል። ሌላ ውሻ ወይም አሞራ ቆፍሮ ቢበላ እሱም ሊሞት ይችላል።

ወደ ቤት ውሰዷት ያልኩት ለእኔ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለቡላም ጭምር ነው። ቡላ ትንሹ ውሻችን ነው፤ ከዳማ ተለይቶ አያውቅም። እሷ በመኪና ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። መኪና በመጣ ቁጥር ወደ በሩ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የጣሊያን ጥናት ሌላ ውሻቸው የሞተባቸውን 426 ባለቤቶች ጠይቆ ነበር። አብዛኞቹ የቀረው ውሻ ጠባዩ ተለውጧል ብለዋል፤ ጨዋታ ቀንሷል፣ ምግብ ቀንሷል፣ ከሰው ሥር አልጠፋ ብሏል። ቡላ ቁጭ እሱን ነው። ሬሳ ማሳየት ለቀረው እንስሳ ይጠቅማል ወይ በሚለው ላይ ባለሙያዎች አልተስማሙም። እኔ ግን በድጋሚ ቢሆን አሳየው ነበር። የዳማን ብርድ ልብስ እጠበው ሲሉኝም እምቢ አልኩ፤ አሁን የሚተኛበት ቡላ ነው።

ልጆች ካሉ "ተኛች" አትበሏቸው። ሲመሽ መኝታ የሚፈራ ልጅ ታመጣላችሁ። "ሞተች፣ አትመለስም" በሏቸው፤ ልጆች ከምታስቡት በላይ ይችሉታል።

ትልልቆቹ ናቸው የማይችሉት። "ውሻ እኮ ናት!" ይሉሃል። ፈቃድ ብትጠይቅ "ምንህ ሞተ?" ተብለህ የምትመልሰው ይጠፋሃል። ኬኔት ዶካ የተባለ ምሁር ይህን ዓይነቱን፣ ኅብረተሰቡ ዕውቅና የማይሰጠውን ሐዘን እ.ኤ.አ. በ1989 በመጽሐፍ ጽፎበታል። ማንም ደርሶ ስለማያጽናናህ ይከብዳል። ከአምስቱ የሐዘን ደረጃዎች የትኛው ላይ ነህ ያለኝም አለ። እነዚያ እኮ የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለሚሞቱ ሕሙማን የጻፈቻቸው ናቸው፤ የክፍል ፈተና አይደሉም። አሁን "ውሻ እኮ ናት" ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ። ጀርመን ውስጥ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ ከሰዎች ጋር አብሮ የተቀበረ ቡችላ ተገኝቷል፤ 14,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጥርሶቹን የመረመሩት ሰዎች በጠና ታሞ እንደነበረና ያለ ሰው እንክብካቤ ያን ያህል ሊቆይ እንደማይችል ጽፈዋል። ያኔ ገና እርሻ እንኳ አልተጀመረም።

ለመታሰቢያ ዛፍ ትከል ተባልኩ። ዛፉ ቢደርቅስ? ሁለተኛ ሐዘን አልፈልግም። ባንኮኒው ላይ የሚሸጡትን ባለወርቅ ቅብ ዕቃም አልገዛም፤ የምጨምርበት አመድ እንደሌለኝ እነሱ ያውቃሉ። ያደረግሁት ይህ ነው። ደብተር ገዝቼ አመሏን ጻፍኩ። መብረቅ ሲመታ ወንበር ሥር ገብታ አንድ እግሯን ብቻ ውጭ እንደምትተው። የቁልፌን ድምፅ ከሌላ ሰው ቁልፍ እንደምትለይ። እንዲህ ያለው ቶሎ ይረሳል፤ ወዲያው ጻፉት። ስልካችሁ ላይ ያለውን ቪዲዮ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ በተለይ ድምፅ ያለበትን።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ነገሩ ሁሉ ጋብ ካለ በኋላ ከክሊኒኩ የስልክ መልእክት ደረሰኝ። "ውድ ደንበኛችን፣ የዳማ የክትባት ጊዜ ደርሷል።" ደውዬ መሞቷን፣ ያውም እነሱ ጋ መሞቷን ተናገርኩ። ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ "ሲስተሙ ነው፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ" አለች። ቆይቶ ያው መልእክት በድጋሚ መጣ። ስለዚህ በስልክ አትመኑ። ፎርሙን በምትፈርሙበት ቀን ስሟ ከማስታወሻ ዝርዝራቸው እንዲወጣ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የተቀበላችሁን ሰው ስምም ያዙ።