የማላውቀው አንባቢ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆድ ብሶኝ ዋለ። ለምን ብትሉኝ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ዩራነስ ስለተባለው ሩቅ ፕላኔት ስብሰባ ነበረን። አንድ የሥራ ጓደኛዬ ወደዚያ ወደፊት ይላክ ስለሚባለው መንኩራኩር የተሠራውን የጊዜ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ አሳየን፤ የሚገነባበት ዓመት፣ የሚመጥቅበት ዓመት፣ ከዚያ ምንም ያልተጻፈበት ረጅም መስመር፣ መጨረሻው ላይ «ይደርሳል» የተባለበት ነጥብ። ሌሎቹ ስለ ክብደትና ስለ ነዳጅ ሲከራከሩ እኔ ዓይኔን ከነጥቡ ላይ መንቀል አቃተኝ። ያኔ ዕድሜዬ ስንት እንደሚሆን ማስላት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ የተባለው ሁሉ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

እርግጥ ይህ ሩቆቹን ፕላኔቶች የማጥናት ሥራችን ከጥንቱም የአንድ ሰው ዕድሜ የሚበቃው አይደለም። ጁፒተር ፀሐይን አንዴ ለመዞር 12 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሳተርን 29 ዓመት ተኩል፤ ዩራነስ 84፤ ኔፕቱን 165። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኔፕቱን በ1846 ተገኝቶ የመጀመሪያ ዙሩን የጨረሰው በ2011 ነው። ወቅቶቹን ሁሉ ዞረው ሲመጡ ያየ ሰው የለም፤ የሚያይም አይኖርም። ሳተርንን በወጣትነቱ መከታተል የጀመረ ሰው ግን ጡረታ ሲወጣ አንድ ሙሉ የሳተርን ዓመት አይቷል። በእኛ መካከል ዕድለኛ የሚባለው እሱ ነው።

ከስብሰባው ወጥቼ ቢሮዬ ስገባ ሐሳቤ ወደ ጁፒተር በተላከው ጋሊሊዮ በተባለው መንኩራኩር ላይ አረፈ፤ በተለይ ከእሱ ተለይታ ጁፒተር ውስጥ በሰጠመችው ትንሿ መርማሪ መሣሪያ ላይ። ፕሮጀክቱ የጸደቀው በ1977 ነው። በ1986 ሊመጥቅ ሲዘጋጅ በጃንዋሪ ወር ሰዎችን የጫነችው የጠፈር መንኩራኩር ቻሌንጀር ፈነዳች፤ ሰባት ሰው ሞተ፤ ሁሉም ነገር ቆመ። በመጨረሻ የተነሣው በ1989 ነው። በ1991 ደግሞ መንገድ ላይ እያለ ትልቁ አንቴና እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል ሲባል ተቀርቅሮ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ምድር የመጣው ሁሉ በትንሹ አንቴና እየተንጠባጠበ ነው የመጣው። በጁላይ 1995 መርማሪዋ ከመንኩራኩሩ ተለየች። የራሷ ሞተር የላትም። ትእዛዝ ልስጥሽ ብትላት የምትሰማበት መንገድም የላትም። ውስጧ የሚቆጥር ሰዓት ብቻ ነበር። አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ዲሴምበር 7፣ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የጁፒተር አየር ውስጥ ገባች። ከፊት ያለው የሙቀት መከላከያዋ ግማሽ ያህሉ ተቃጥሎ ተነነ። ከዚያ ፓራሹቷን ዘርግታ 58 ደቂቃ ገደማ ተናገረች። ግፊቱ እኛ በባሕር ጠለል ከምናውቀው ከ20 እጥፍ በላይ፣ ሙቀቱም 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ድምፅዋ ጠፋ።

ከ1977 እስከ 1995 ተጠብቆ፣ 58 ደቂቃ። መሣሪያዎቿን ሲነድፉ ወጣት የነበሩ ሰዎች ውጤቱን ሲያነቡ ሸብተው ነበር።

ውጤቱስ? ትልቁ ጥያቄ የውሃው ጉዳይ ነበር። ጁፒተር ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ከታወቀ የትና እንዴት እንደተፈጠረም መገመት ይቻላል። መርማሪዋ ግን ደረቅ አየር ውስጥ ነው የገባችው፤ የተጠበቀው ወፍራም የውሃ ደመና አልነበረም። ነገሩ ኋላ ላይ ተጣራ፦ የወደቀችው አየር ከላይ ወደ ታች በሚወርድበት፣ ደመናው በተገለጠበት ቦታ ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከጁፒተር ገጽ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም። ከዚያ ሁሉ ስፋት መካከል እዚያ ላይ አረፈች።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩት እንደ ከሸፈ ነገር ያወሩታል። እኔ በፍጹም አልቀበልም። ሂሊየሙን ለካች፤ ኒዮን የተባለው ጋዝ ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ መሆኑን አገኘች፤ ነፋሱ ወደ ታች ሲወርዱ የሚደክም ሳይሆን የሚበረታ መሆኑን አሳየች። በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነፋስ፣ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት! ጁኖ የተባለችው መንኩራኩር የፕላኔቱን ስበት ለክታ ነፋሶቹ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንደሚዘልቁ ያሳየችው በ2018 ነው። የውሃውም ጥያቄ ከጁኖ መልስ ያገኘው በ2020 ነው፤ በጁፒተር ወገብ አካባቢ ከሞለኪውሎቹ 0.25 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ያም ቢሆን ስለ ወገቡ ብቻ የሚናገር ነው። ከአራቱ ግዙፍ ፕላኔቶች (ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስ፣ ኔፕቱን) በአንዱ ላይ ፓራሹት ዘርግቶ የወረደ ሌላ መሣሪያ እስከ ዛሬ የለም።

መምህሬ ያቺን 0.25 ሳያዩ አረፉ። ስለ እሳቸው እዚህ ደጋግሜ ጽፌያለሁ፤ ዛሬ ልተወው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ቤተሰቦቻቸው የሰጡኝ የማስታወሻ ደብተሮች ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ጁፒተርን በቴሌስኮፕ እያዩ በእርሳስ የሣሉበት ነው። በየገጹ አንድ ጠፍጠፍ ያለ ክብ፤ ጁፒተር በራሱ ዛቢያ ላይ በአሥር ሰዓት ውስጥ ስለሚሽከረከር መሐሉ ሰፋ፣ ጫፍና ጫፉ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ እሳቸውም ክቡን አስቀድመው በልኩ እየቆረጡ ያዘጋጁ ነበር። ፕላኔቱን የሚዞሩትን ጥቁር የደመና ቀበቶዎች በእርሳሱ ጎን ያጠቁራሉ፤ ቀዩን ነጠብጣብ፣ ያን ግዙፍ ማዕበል፣ በቀጭን መስመር ይከቡታል። ከጎኑ ሰዓትና ደቂቃ። ግርጌው ላይ ሁልጊዜ አንድ ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ። ዛሬ የገለጥኩት ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ጭጋግ አለ። የሰሜኑ ቀበቶ ከባለፈው ጠቆር ያለ ይመስላል። ወይስ ዓይኔ ደክሞ ይሆን?»

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ። የሰሜኑ ቀበቶ ያን ጊዜ በእርግጥ ጠቁሮ እንደሆነ ከሌሎች ምስሎች ጋር አመሳክሮ ማወቅ ይቻላል። ዓይናቸው ደክሞ እንደነበር ግን ከእሳቸው በቀር ሊነግረኝ የሚችል ማንም አልነበረም። ነገሩኝም። ለማን እንደሚጽፉ ሳያውቁ ነው የጻፉት።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ሐሳቡ አልለቀቀኝም። የእኛ ሳይንስ ከሞላ ጎደል የቆመው እንዲህ ባሉ፣ ለማያውቁት ሰው በጻፉ ሰዎች ላይ ነው። ሳተርን ላይ አልፎ አልፎ ፕላኔቱን የሚያዳርስ ነጭ ማዕበል ይነሣል። የተመዘገበው በ1876፣ በ1903፣ በ1933፣ በ1960፣ በ1990፣ ከዚያም በ2010 መጨረሻ ነው። የ1933ቱን ያገኘው ዊል ሄይ የተባለ እንግሊዛዊ የመድረክ ኮሜዲያን ነበር፤ ማታ ማታ በራሱ ቴሌስኮፕ ሰማይ ይመለከታል። በ1876 ያየው ሰው ከእሱ በኋላ የሚመጡትን አያውቃቸውም። የእያንዳንዳቸው ማስታወሻ ለብቻው ሲታይ አንድ ነጭ ነጥብ ነው፤ ተደርድሮ ሲታይ ግን ጥያቄ ይወልዳል፦ ለምን እንዲህ ይዘገያል?

መልሱ ሲገኝ ደግሞ ምን ያህል ያምራል! ምድር ላይ እርጥብ አየር ከደረቅ አየር ይቀላል፤ ስለዚህ ሽቅብ መውጣት አይከብደውም። ሳተርን ላይ አየሩ ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው፤ ሁለቱም ከውሃ እንፋሎት የቀለሉ ናቸው። እዚያ እርጥቡ አየር ነው ከባዱ። ትልቁ ማዕበል ዘንቦ ሲያበቃ ላይ የሚቀረው አየር ደርቆ ይቀላል፤ ከሥሩ ያለው እርጥብ አየር ሞቃት ቢሆንም ከክብደቱ የተነሣ ሊያልፈው አይችልም። የላይኛው ሙቀቱን ወደ ጠፈር እየለቀቀ፣ ቀዝቅዞ እስኪከብድ አሥርተ ዓመታት ያልፋሉ። ያን ጊዜ ሚዛኑ ይገለበጥና ሌላ ማዕበል ይፈነዳል። ይህን ሐሳብ በ2015 ያቀረቡት ቼንግ ሊ እና አንድሪው ኢንገርሶል የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ኢንገርሶል በ1970ዎቹ ከፓዮኒር መንኩራኩሮች ጀምረው እስከ ጁኖ ድረስ የሠሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ረጅም የሥራ ዕድሜ ለያዘ ሰው እንኳ የ1876ቱን ማስታወሻ የሚተካለት ነገር የለም።

የባለ ስድስት ጎኑስ ነገር! በሳተርን ሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚነፍሰው ነፋስ ስድስት ጎን ሠርቶ ይዞራል፤ አንዱ ጎን ብቻውን 14,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ምድራችን ከዳር እስከ ዳር 12,742 ኪሎ ሜትር ናት። ቮዬጀር 1 እና 2 የተባሉት መንኩራኩሮች ፎቶውን ያነሡት በ1980 እና በ1981 ነው። ማንም አላየውም። ዋልታውን ከራስጌ ሆነው አላነሡትማ፤ ከጎን የተነሡ ቁርጥራጮች ነበሩ። በ1988 ዴቪድ ጎድፍሬይ የተባለ ተመራማሪ ቁርጥራጮቹን ከዋልታው በላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው አድርጎ ሲገጣጥማቸው ስድስቱ ጎን ብቅ አለ። ምስሉን ያነሡት ሰዎች እጅ ላይ ሰባት ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ዩራነስም ጋ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ቮዬጀር 2 በጃንዋሪ 1986 በአጠገቡ ስታልፍ ከዋልታ እስከ ወገብ ልሙጥ፣ ደብዛዛ ሰማያዊ ክብ ነበር የታየው፤ ጥቂት ትንንሽ ደመናዎች ብቻ። «አሰልቺው ፕላኔት» የሚል ስም የወጣለት በዚያ ነው። (ይህ ስም ሁልጊዜ ያናድደኛል።) በ2014 ኤሪክ ካርኮሽካ 1,600 የሚሆኑትን እነዚያኑ አሮጌ ምስሎች ደራርቦ፣ ምስሉን የሚረብሹትን የዘፈቀደ ነጠብጣቦች አጣርቶ ሲያያቸው ልሙጥ በተባለው ደቡባዊ ክፍል ላይ ከዚያ በፊት ማንም ያላያቸው ብዙ መልኮች ወጡ። አዲስ ጉዞ አልተደረገም። አዲስ ካሜራ አልነበረም።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሆነው ምስሉ ከነማስታወሻው ሲቀመጥ ነው። ኔፕቱንን ውሰዱት። ሁላችንም በዓይነ ኅሊናችን የምናየው ኔፕቱን ጥልቅ ሰማያዊ ነው። በ1989 የቮዬጀር ምስሎች ሲወጡ ደመናው እንዲታይ ተብሎ ቀለሙ እንዲጎላ መደረጉ ይነገር ነበር፤ የሚያውቁት ያውቁት ነበር። ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ማብራሪያው ወደ ኋላ ቀረ። ትውልድ ተማረበት። በ2024 ፓትሪክ ኧርዊንና ባልደረቦቹ ቀለሙን እንደገና ለክተው ኔፕቱንና ዩራነስ በእውነተኛ መልካቸው በጣም የሚቀራረብ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ መሆናቸውን አሳዩ፤ ኔፕቱን ጥቂት ብቻ ይበልጥ ሰማያዊ ነው። ምስሉን ያዘጋጁት ሰዎች ምንም አላጠፉም። ጽፈውት ነበር። የጠፋችው ከምስሉ ሥር የነበረችው አንድ መስመር ናት። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ልፋቱ ሁሉ ኖሮ አንዷ መስመር መጥፋቷ።

ማታ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ቴሌስኮፑ ጋ ነበረች፤ ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የዩራነስን ምስል እያነሣች። «ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ምንም የለም፤ ሰማዩም ጥሩ አይደለም። መዝገቡ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

«ምን ይታይሻል?» አልኳት።

«ደብዛዛ ነው። ጠርዙ ይንቀጠቀጣል። ማጣሪያውን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ።»

«ለምን ቀየርሽው?»

ትንሽ ዝም አለች። «የመጀመሪያው አንድ ነገር ያለ አስመስሎብኝ ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን አልታየም።»

እሱን ጻፊው አልኳት፤ እንዳልሽው አድርገሽ፣ «አስመስሎብኝ ነበር» የሚለውንም ሳትተዪ። «እሺ» ብላ ዘጋች።

ከዘጋች በኋላ ነው የከበደኝ። የመምህሬ እርሳስ ቦታ ነበረው፤ ከክቡ ጎን ጭጋጉንም የዓይናቸውንም ድካም ይጽፋሉ። የእሷ መዝገብ ግን ሠንጠረዥ ነው፤ ሰዓት፣ ማጣሪያ፣ የአየሩ እርጥበት፣ የምስሉ ቁጥር፤ ከዚያ ለ«አስተያየት» የተተወች አንዲት ጠባብ ሳጥን። ዩራነስ ጋ የሚደርሰው መንኩራኩር መረጃ ሲልክ ከዛሬዎቹ ምስሎች ጋር የሚያስተያይ ሰው ይኖራል፤ ምናልባት ገና አልተወለደም። የእሱ ጥያቄ ምን እንደሚሆን አላውቅም። የ1981ዱ ሰዎች ባለ ስድስት ጎን የሚፈልግ ይመጣል ብለው አላሰቡም። ያየነውን ሁሉ እንዳንጽፍ ሳጥኗ አትበቃም፤ ጊዜም አይበቃም። ነገ ስትመጣ ይህን ከእሷ ጋር ልነጋገርበት እፈልጋለሁ፤ ግን ራሴው መልሱን ሳላገኝ ምን ብዬ ልጀምርላት? ዛሬ ከንቱ ከሚመስለን ውስጥ የትኛውን መተው እንችላለን?