ምራቅ መዋጥ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ጥርስ ሊያበቅል ነው መሰለኝ ለሃጩ አላቆም ብሏል። አንገቱ ላይ ያሰርንለት ጨርቅ ገና ከመቀየሩ ይርሳል። ሲስቅ ደግሞ ቀጭን ክር መስሎ ከአገጩ እስከ ሆዱ ይንጠለጠላል። «ምራቁን የዋጠ ሰው» የምንለው ነገር ቃል በቃል ትክክል እንደሆነ የገባኝ እሱን እያየሁ ነው። ሕፃን የሚያዝረበርበው ምራቁ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ መዋጡን ገና በደንብ ስላልቻለበት ጭምር ነው።

ፈሳሹ ያው ነው። አፍ ውስጥ እስካለ ምራቅ እንለዋለን፤ ከንፈር ካለፈ ለሃጭ ይሆናል። ልጋግም ይባላል፣ እኔ ግን ልጋግ ሲባል የበሬ አፍ ነው የሚመጣብኝ። ከስሙ ጋር ክብሩም አብሮ ይወርዳል። ዳዊት በአንኩስ ፊት እብድ ለመምሰል ሲፈልግ ልጋጉን በጢሙ ላይ አወረደ፤ ንጉሡም አመነ። ጤነኛ ትልቅ ሰው እንዲህ አይሆንማ! ገንዘብ ሲያይ ለሃጩ የሚዝረበረብ የምንለውም ሰው ያው ራሱን መግዛት ያቃተው ነው። አክታን ከእነዚህ ጋር የሚደባልቁ ሰዎች ግን ይገርሙኛል። እሱ ከመተንፈሻ አካላችን ነው የሚመጣው፤ ዘመድም አይደለም።

አንድ ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ0.5 እስከ 1.5 ሊትር ምራቅ ያመነጫል። ይህን ሁሉ ሳናውቀው ነው የምንውጠው። (አሁን ስላነሳሁት ዋጥ አደረጋችሁ አይደል? ይቅርታ።) 99 በመቶው ውኃ ነው፤ የቀረችው ጥቂት ግን ሥራ አላት። ዳቦ አፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አላምጡት። ቆይቶ ጣፈጥ ይላል፤ ምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር መሰባበር ስለሚጀምር ነው። እንቅልፍ ላይ ስንሆን ደግሞ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። የጠዋት አፍ የሚሸተው አንዱ ለዚህ ነው፤ የሚያጥበው የለም።

ፍርሃትም ያደርቀዋል። ሰው ፊት ልናገር ስነሳ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። ልዋጥ ብል የሚዋጥ ነገር የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ውኃ ይዤ ነው የምቆመው። ቀስ ብዬ ስጎነጭ የሚያየኝ ሰው ታዲያ ነገር እያሰላሰልኩ ይመስለዋል።