ማኒቱሊን ደሴት፣ ድቡና የእኛው ጅብ

ከቶሮንቶ በጠዋት ወጥተን ቶበርሞሪ ላይ መኪናችንን ይዘን ጀልባ ውስጥ ገባን። ጀልባ ስል ታንኳ እንዳይመስላችሁ፣ ቺ-ቺማን የምትባል እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ሂዩሮን ሐይቅ ላይ የምትመላለስ መርከብ ናት። ሁለት ሰዓት ገደማ ነፋስ ሲደበድበን ቆየንና ማኒቱሊን ደረስን። በዓለም ላይ ሐይቅ ውስጥ ካሉ ደሴቶች ትልቁ ይሄ ነው።

ጓደኛዬ የመጣው ለዋናና ለዓሣ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ሌሊት ድብ ሆኖ የሚሄደው ጠንቋይ ነው።

የአካባቢው ነባር ሕዝብ በሆኑት ኦጅብዌዎች ዘንድ እንደሚባለው መድኃኒት አዋቂ የሆነ ሰው ዕውቀቱን ለክፋት ካዋለው ሲመሽ የድብ መልክ ይዞ ይወጣል። የጠመደው ሰው ቤት አካባቢ ይዞራል፣ ያ ሰው ይታመማል፣ ሐኪም ምኑንም አያገኝለትም። አንዳንዴ ድቡ ጭራሽ አይታይም፣ ጨለማ ውስጥ ብልጭ እያለ የሚሄድ እሳት ብቻ። ደፋር ተገኝቶ ቢይዘውና ማንነቱ ቢታወቅ ግን አለቀለት። በ1946 አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ ማዶ ሚሺጋን ውስጥ እየዞረ እንዲህ ያለ ወሬ ሰብስቦ ነበር፤ ሰዎቹ የነገሩት እንደ ድሮ ተረት ሳይሆን እገሌ ላይ፣ እዚህ መንደር የደረሰ ብለው ነው።

አገር ቤት ያደገ ሰው ይሄን ሰምቶ ቡዳ ትዝ ካላለው ይገርመኛል። እኛ ጋ ጅብ ነው የሚሆነው። ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ተገደለ ሲባል ስንቶቻችን ሰምተን ተኝተናል!

እንግዲህ ይቺን ይዤ «ያው የእኛው ነገር ነው» እያልኩ ደሴቱ ላይ ምቺጊንግ በሚባል መንደር ያለው የኦጅብዌ ባህል ማዕከል ገባሁ። እዚያ ዓይኔን የያዙት ከዛፍ ቅርፊት የተሠሩ ትንንሽ ሣጥኖች ናቸው። ቅርፊቱን በወስፌ ይበሱታል፣ ቀለም የተነከረ የጃርት እሾህ አንድ በአንድ በቀዳዳው ያስገቡና ጫፉን በውስጥ በኩል ያጥፉታል። ጠጋ ብዬ ሳየው እሾሁ ከመጠጋጋቱ የተነሳ ክር ነው የሚመስለው። አንዱ ክዳን ላይ ድብ አለ፣ ቁጭ ብሎ። ክፉ አይመስልም።

ክፉም አይደለም ለካ። ኦጅብዌዎች የድብ ጎሣ አላቸው፤ መንደር የሚጠብቀውና መድኃኒት የሚያውቀው እሱ ነው። ሚደዊዊን በሚባለው የመድኃኒተኞች ማኅበራቸውም ድብ ትልቅ ቦታ አለው። ክሪ የሚባሉት ሌሎች የካናዳ ነባር ሕዝቦች ደግሞ አድነው የገደሉትን ድብ አያታችን ብለው ይጠሩታል፣ አጥንቱን ውሻ እንዲነካው አይፈቅዱም፣ የራስ ቅሉን ዛፍ ላይ በክብር ይሰቅሉታል። የጅብ ራስ ማን አክብሮ ሰቅሎ ያውቃል? (ሐረሮችን አልነካም፣ እነሱ ለአሹራ ገንፎ ያቀርቡለታል።) ስለዚህ እዚያ አስፈሪው የሚከበር ኃይል የያዘ ሰው ሲበላሽ ነው። እኛ ጋ ግን ቡዳ የሚባለው መሬት የተነፈገው፣ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ነው። ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

በማግሥቱ ወደ ዊክዌምኮንግ ነዳን። የዚህ መንደር ሰዎች በ1862 የቀረበላቸውን የመሬት ውል አንፈርምም ብለው እስከ ዛሬ ያልተፈረመበት ምድር ይባላል። ኢየሱሳውያን ሚሲዮኖች የገቡት ከዚያ በፊት ነው፤ በኋላ ደግሞ የካናዳ ሕግ እስከ 1951 ድረስ ብዙ ባህላዊ ሥርዓቶችን ይከለክል ነበር። ለሚሲዮን በመድኃኒት የሚፈውሰውም በድግምት የሚጎዳውም ያው የሰይጣን ነው። ሰዉ ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ አፉን ቢቆጥብ አይፈረድበትም።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። ዕውቀት የሚጠይቅ ሰው ትምባሆ ይሰጣል ስለተባልኩ አንድ ጥቅል ሰጥቼ ስለ ድቡ ጠየቅኳቸው። ተቀበሉኝ፣ ግን «እንዲህ ያለ ወሬ በበጋ አይወራም፣ በረዶ ሲወርድ ና» አሉኝ። እሺ አልኩና የእኛን ጅብ ማውራት ጀመርኩ፤ ለሱ ወቅት የለውም።

ጥሩ አድርገው ሰሙኝ። ቡዳ የሚባሉት እነማን እንደሆኑ ነገርኳቸው።

«ማረሻውን ማን ነበር የሚሠራላችሁ?» አሉ።

«እነሱው።»

«ማሰሮውንስ?»

«እነሱው።»

«ሥራቸውን ወዳችሁ እነሱን ፈራችኋቸዋ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ልንተኛ ስንል ከውጭ ጠሩን። የቆሻሻ በርሜሉን ክዳን ቆልፉ፣ ትናንት ድብ ገልብጦታል አሉ። ጓደኛዬ ወዲያው ወደኔ ዞሮ «የትኛው ድብ?» አለ።

ሴትዮዋ ሰምተውታል። «የተራበው ነው» አሉትና በሩን ዘጉ።