አሸንዳ ሲያሰሩ፦ ልኩ፣ ዘንበሉ፣ መውረጃው

ክረምት በገባ ቁጥር የግድግዳው ቀለም የሚላጥና ከመሠረቱ በላይ ያለው ልስን የሚረግፍ ቤት ካለዎት፣ ጣሪያውን ከመክሰስዎ በፊት ዝናብ እየጣለ አሸንዳውን ይዩት። ቆርቆሮው ደህና ሆኖ ውሃው ጠርዝ ላይ ሲደርስ መንገድ የሚስትበት ቤት ብዙ ነው። ሰው ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ዘንበሉና ስለ መውረጃው ስፋት ብዙም አይጨነቅም፤ አሸንዳን የሚያበላሹት ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ከሂሳቡ እንጀምር። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚ.ሜ ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነና በሁለት ወገን የሚያፈስ ጣሪያ እንውሰድ። እያንዳንዱ ወገን 5 ሜትር ቢወርድ 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። የሐምሌ ዶፍ ለጥቂት ደቂቃ በሰዓት 120 ሚ.ሜ በሚደርስ ፍጥነት ቢወርድ፣ በአንዱ ወገን ብቻ በደቂቃ 120 ሊትር ይመጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ማለት ነው፣ በየደቂቃው። ይህንን የሚችል መውረጃ ለማግኘት ቀላሉ ስሌት ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ 1 ካሬ ሳ.ሜ የቱቦ ቀዳዳ መያዝ ነው። 75 ሚ.ሜ ቱቦ 44 ካሬ ሳ.ሜ ገደማ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። 110 ሚ.ሜ ፒቪሲ ከ80 በላይ ስላለው ይበቃል።

ላሜራውን በተመለከተ፣ የጌጅ (የውፍረት መለኪያ) ቁጥር ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። ለአሸንዳ 28 ጌጅ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበሰ)፣ ማለትም ወደ 0.4 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው፣ ጥሩ ነው። 35 ጌጅ ግማሹን ያህል ስስ በመሆኑ በውሃና በበረዶ ክብደት በሁለት መያዣ መካከል ይሰረጉዳል፤ የተሰረጎደበት ቦታ ውሃ ያቁራል፣ ከዚያም ይዝጋል። ሻጩ የነገረዎትን ቁጥር በካሊፐር ይለኩት።

ለዚህ ቤት ተዘርግቶ 50 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ላሜራ እመርጣለሁ። አጣጠፉ እንዲህ ነው፦ ወለሉ 15፣ የግድግዳው በኩል 17፣ የፊቱ 13፣ የፊት ከንፈሩ 2፣ ከኋላ ቆርቆሮው ስር የሚገባው 3 ሳ.ሜ። የኋላው ከፊቱ 4 ሳ.ሜ መብለጡን አደራ። መውረጃው ቢደፈን ውሃው ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ ወደ ግድግዳው አይመለስም። ለማማር ተብሎ ሁለቱ እኩል ሲደረጉ ፋሻ ቦርዱ፣ ማለትም አሸንዳው የሚታሰርበት የጣሪያ ጠርዝ ጣውላ፣ በጥቂት ክረምት ይበሰብሳል።

ብዛቱ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ላሜራው 2 ሜትር ነውና 12 ሜትር ስድስት ቁራጭ ይመስላል። ነገር ግን በየመጋጠሚያው 5 ሳ.ሜ ሲደራረብ ስድስቱ 11.75 ሜትር ብቻ ይሸፍናሉ። ስለዚህ ለአንድ ወገን ሰባት፣ ለሁለቱ አሥራ አራት ቁራጭ ያስፈልጋል። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነው ላሜራ ለሁለት ስለሚሰነጠቅ ሰባት ሙሉ ላሜራ ይግዙ።

መቁረጡ በቆርቆሮ መቀስ ይሁን። ግራይንደር የዚንኩን ልባስ ያቃጥላል፤ የሚረጨው ፍንጣሪም ያረፈበትን ሁሉ የዝገት ነጥብ ያደርገዋል። መጋጠሚያው ላይ የላይኛው ቁራጭ በታችኛው ውስጥ ይግባ፣ እንደ ውሃው አካሄድ። ሪቬቱን በየ3 ወይም 4 ሳ.ሜ ይምቱ፣ በመካከል ማሸጊያ ይኑር። አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ሲሊከን አይጠቀሙ፤ አሲዱ ዚንኩን ይበላዋል። ፖሊዩሬቴን ወይም ሽታው እንደዚያ ያልሆነ፣ ለብረት የሚሆን ሲሊከን ይጠይቁ።

ዘንበሉ በየ2 ሜትሩ 1 ሳ.ሜ ይሁን። ለ12 ሜትር መሃሉን ከፍ አድርጎ ወደ ሁለቱም ጫፍ 3 ሳ.ሜ ማውረድና በየጫፉ አንድ መውረጃ መትከል ይሻላል። አንዱ ቢደፈን ውሃው ያቺን 3 ሳ.ሜ ተሻግሮ በሌላው ይወርዳልና። መጀመሪያ የመሃሉንና የጫፉን መያዣ ይምቱ፣ ሲባጎ ይወጥሩ፣ ሌሎቹን በሲባጎው ልክ በየ60 ሳ.ሜ ይደርድሩ። ለ12 ሜትር 21 መያዣ ይሆናል። ፋሻ ቦርዱን ተከትሎ መምታት አይሠራም፤ ጣውላው ራሱ ብዙ ጊዜ ጠማማ ነው። መያዣው 25 በ3 ሚ.ሜ ጠፍጣፋ ብረት ሆኖ ፀረ ዝገት የተቀባ ይሁን፤ በሚስማር ሳይሆን በቪት ይታሰር።

የጣሪያው ቆርቆሮ ወደ አሸንዳው 5 ሳ.ሜ ያህል ይግባ። ካነሰ ውሃው በቆርቆሮው ሆድ ተመልሶ ፋሻውን ያረጥባል፤ ከበዛ ደግሞ በዶፍ ጊዜ አሸንዳውን ዘሎ ይወጣል። ጫፎቹን በኮንክሪት ወይም በልስን አያስቀብሩ። በቀዝቃዛ ሌሊትና በቀትር ፀሐይ መካከል ብረቱ 40 ዲግሪ ቢለዋወጥ 12 ሜትሩ 6 ሚ.ሜ ገደማ ይረዝማል፣ አሉሚኒየም ቢሆን 11። መሄጃ ካጣ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። እርጥብ ሲሚንቶም ዚንክ ስለሚበላ ልስኑ አልቆ ከደረቀ በኋላ ነው አሸንዳው የሚሰቀለው።

ከፓራፔት (ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ከሚወጣው አጭር ግድግዳ) ጀርባ የሚደበቀውን ዓይነት አሸንዳ፣ ማስቀረት ከቻሉ ያስቀሩት። ሲሞላ መሄጃው ኮርኒስዎ ነው። የግድ ከሆነ ከፓራፔቱ ውጭ የሚያፈስ ትርፍ ቀዳዳ ከአሸንዳው አፍ ዝቅ አድርገው ያስበጁለት።

የመውረጃው አፍ ላይ ጠፍጣፋ ወንፊት አይጣል፤ ሁለት የባህር ዛፍ ቅጠልና እፍኝ በረዶ ይዘጉታል። እንደ ቆብ ወደ ላይ የጎበጠ የሽቦ ወንፊት በጎኑ ማሳለፉን ይቀጥላል። ቱቦው በየ1.5 ሜትር ከግድግዳው ይታሰር፣ ከታች በጎሚቶ (በቱቦ ማጠፊያ) ዞሮ ውሃውን ቢያንስ 1 ሜትር ከመሠረቱ ያርቅ ወይም ፖዜቶ (የፍሳሽ መቀበያ ጉድጓድ) ውስጥ ይግባ። ከሽንት ቤት መስመር ጋር ማገናኘት ግን ሴፕቲክ ታንኩን በአንድ ሳምንት ዝናብ ይሞላዋል። ሮቶ ካለዎት ወደዚያ ይምሩት፦ ከ120 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ20 ሚ.ሜ ዝናብ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 1,900 ሊትር ያህል ይገኛል። የመጀመሪያው የዝናብ ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ይፍሰስ።

ሥራው እስከ ግንቦት ይለቅ። ሠራተኛው መሰላሉን ሳያነሳ መሃሉ ላይ ሁለት ባልዲ ውሃ ያፍስሱ፣ አሥር ደቂቃ ቆይተው ይውጡና ይዩ። የሆነ ቦታ ላይ ውሃ ከቆመ እዚያ ያለው መያዣ ዝቅ ብሏል፤ ቀሪውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ያስተካክልልዎ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ ነሐሴ ላይ አንድ ጊዜ ቅጠሉን ያስጠርጉ።