ካርቡሬተሩ ከመፈታቱ በፊት

ክረምቱ ሲወጣ፣ እኔ በምሠራበት የደብረ ታቦር ጋራዥ ጭቃ ሲጠግቡ የከረሙ የመሥሪያ ቤት ሞተር ብስክሌቶች ይበዛሉ። ከእነዚህ አንዱን ያመጣው በፎገራ ሜዳ ከሩዝ ማሳ ወደ ሩዝ ማሳ የሚዞር የግብርና ባለሙያ ነበር። ሞተሩ ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ግን ጉልበት እያጣ ይጠፋል፣ ትንሽ ካረፈ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ሌላ ቦታ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር በተደጋጋሚ ተፈትቶ ቢታጠብም ለውጥ አልመጣም።

ረዳታችን ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትቶ ጥላሸት መልበሱን ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ካርቡሬተሩን ላውርደው?» ብሎ አለቃችንን ጠየቀ። ግምቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ወረታ ተነሥቶ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደብረ ታቦር የሚወጣ ሞተር የሚያገኘው አየር በአንድ አሥረኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው የቤንዚን መጠን እዚህ ይበዛበታል። አለቃችን ግን ወደ ባለሙያው ዞረው፣ «ሊጠፋ ሲል እንዴት ያደርገዋል?» አሉት።

«ይንገዳገዳል ጋሼ። ጋዝ ስጨምር ይብስበታል፤ ቾኩን ስስብለት ግን ትንሽ ያስኬደኛል።»

ነገሩን የለየው ይህ መልስ ነበር። ቾክ አየር ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛ በመሆኑ፣ ቤንዚን የበዛበት ሞተር በቾክ ይታፈናል እንጂ አይሻለውም፤ የሚሻለው ቤንዚን ያነሰው ነው። በካንዴላው መጥቆርና በሞተሩ መጥፋት መካከል ያለው ይህ ቅራኔ፣ ችግሩ ሁለት ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም ነበር።

አለቃችን ካርቡሬተሩን ሳያወርዱ፣ ከሥሩ የላስቲክ ጠርሙስ አስደግፈው የማፍሰሻውን ብሎን ላሉት። ቤንዚኑ መጀመሪያ በደንብ ወረደ፣ ከዚያ ቀጠነ፣ በመጨረሻም ወደ ጠብታ ተለወጠ። የሰልባትዮውን (የቤንዚን ማጠራቀሚያውን) ክዳን ሲከፍቱት አየር በፉጨት ወደ ውስጥ ተሳበና ቤንዚኑ እንደ መጀመሪያው ፈሰሰ። ከሰልባትዮ በሚወጣው ቤንዚን ምትክ አየር መግባት ያለበት በክዳኑ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ እርሷ ግን በደረቀ ጭቃ ተደፍና ነበር። ሞተሩ ሲያርፍ የሚነሣውም በክዳኑ ዙሪያ አየር ቀስ ብሎ ስለሚሰርግ ነው። ላቫጆ ቤት በኃይለኛ ውኃ ሲታጠብ ጭቃው ወደ ቀዳዳዋ ሳይገፋ አልቀረም።

ካርቡሬተሩ የተፈታው ከዚህ በኋላ፣ ለካንዴላው ጥላሸት ምክንያት ፍለጋ ነው። ቤንዚን በልክ የሚያሳልፈው ዋናው ጄት ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ ቀዳዳው ክብ አልነበረም፤ አንዱ ጎኑ ተጭሯል። ቀድሞ ያጠበው ሰው በብረት ሽቦ ጎርጉሮታል። ጄት የሚሠራው ከናስ ነው፤ ናስ ደግሞ ከብረት ስለሚለሰልስ በሽቦ በተጎረጎረ ቁጥር ይሰፋል፣ የቀዳዳውን ልክ የሚያሳየው የተቀረጸበት ቁጥርም ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም። የሚኒሞው (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ ቤንዚን የሚያሳልፈው) ጄት ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ከዋናው ይልቅ በቀላሉ ይበላሻል። እንደ እኔ ግምት በእኛ አካባቢ ከቆሻሻው ይልቅ ሽቦው ያበላሸው ካርቡሬተር ይበዛል፤ የማጽጃ ፈሳሽና የኮምፕሬሰር አየር ለአብዛኛው ቆሻሻ ይበቃሉ። የናሱ ጥርስ እንዳይላጥ ልኩ የሆነ ካቻቢቴ መጠቀም፣ የአየር ማስተካከያዋን ብሎን ከመፍታት በፊትም እስክትቆም በቀስታ አጥብቆ ስንት ዙር እንደዞረች መያዝ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሲገጠም ሚኒሞውን ማስተካከል ፈተና ነው።

አዲስ ጄት ተገጠመ፤ የክዳኑ ቀዳዳም በአየር ተነፋ። እስከ ዓለም በር ደርሰን ስንመለስ ሞተሩ አልጠፋም፤ ካንዴላውም ቡናማ መልክ መያዝ ጀምሮ ነበር። አለቃችን ለባለሙያው የነገሩት፣ ሲያሳጥብ ክዳኑን በፌስታል እንዲሸፍን፣ መንገድ ላይ ዳግም ከጠፋበትም ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ክዳኑን ከፍቶ በመዝጋት እንዲሞክር ነው።