ሐረር በዜኒት ካሜራ

ወደ ሐረር በአውቶቡስ የሄድኩት ብር ለመቆጠብ አልነበረም። የፎቶ ፊልም ይዤ ስለነበር ነው። የድሮው የኤርፖርት ኤክስሬይ አንዴ ሁለቴ ቢያልፉበት ብዙም አይጎዳም። አዲሶቹ ሲቲ የሚባሉት መፈተሻዎች ግን ያልታጠበ ፊልም ላይ ጉም የመሰለ ነገር ይተዋሉ። «በእጅ ፈትሹልኝ» ብሎ መለመን ይቻላል። እኔ ደግሞ ፈታሽ መለመን አልወድም።

ፊልሞቹ ኮዳክ ጎልድ 200 ናቸው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ በእጅ ቦርሳው ይዞልኝ መጣ። የአንዱን ፊልም መግዣና ማሳጠቢያ ደምሬ ለ36ቱ ፎቶዎቹ ሳካፍለው አንዷ ፎቶ ወደ መቶ ብር መጣች። ይህን ካሰላሁ ወዲህ ወጪን ሁሉ በፎቶ መቁጠር ለምዶብኛል።

ካሜራዋ ዜኒት ኢ ናት። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣት። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ከሚባለው ከተማ የወጣች ዘር ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተሠርተዋል። ሌንሷን ጨምሮ ወደ አንድ ኪሎ ትመዝናለች። ባትሪ የሚባል ነገር አታውቅም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ረዳቱ ቦርሳዬን ሞተሩ አጠገብ ሊያስቀምጥብኝ ታገለኝ። ፊልም ሙቀት አይችልም ብዬ ባስረዳው አልገባውም፤ ጭኔ ላይ አቅፌው ሄድኩ። አዋሽ፣ ጭሮ፣ ሂርና፣ ቁልቢ አለፉ። ስለ እነሱ የምጽፈው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር።

ሐረር ስደርስ ባለ ባጃጁ ከመናኸሪያ እስከ ፈረስ መጋላ 200 ብር አለኝ። ተከራክሬ 150 ከፈልኩ፤ ጎበዝ ነኝ ብዬ ወረድኩ። በማግስቱ ዋጋው 30 መሆኑን ሰማሁ። አንድ ፎቶ ከምናምን ተበላሁ ማለት ነው። ሆቴሉ ደግሞ ውሃ አልነበረውም። ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ቡናማ ነገር ይተፋል፣ ከዚያ ዝም። ሌሊቱን ጅብና ውሻ ሲሰዳደቡ አደሩ። ትራሱን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ነጋልኝ።

ጠዋት ግን ጀጎል ውስጥ ገባሁና ሁሉን ረሳሁት። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ናቸው ያሠሩት፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 መዝግቦታል። ለፊልም አንሺ ዋናው ነገር ግን ጠባቦቹ መንገዶች ናቸው። ግማሹ ግድግዳ በፀሐይ ይነዳል፣ ግማሹ ጥላ ነው። የዜኒቷ ብርሃን መለኪያ በሴሊኒየም የሚሠራ ነው፤ ዕድሜ ተጫጭኖታል፣ ጠራራውን እንደ ምሽት ያሳየኛል። ስለዚህ የድሮውን ሕግ ያዝኩ። ጠራራ ፀሐይ ከሆነ የሌንሱ ቀዳዳ 16 ላይ፣ ፍጥነቱ ለፊልሙ ቁጥር የሚቀርበው ላይ፤ ለ200 ፊልም 250ኛ ሰከንድ። ጥላ ውስጥ ስገባ ቀዳዳውን እከፍታለሁ። ሌንሱ ለቀዳዳው ሁለት ቀለበት አለው። በአንዱ ቁጥሩን እወስናለሁ፤ ሌላውን ከፍቼ ምስሉን አጠራለሁ፣ መልሼ ዘግቼ አነሳለሁ። እስከዚያ ሰውየው ሄዷል።

ማኪና ግርግር ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ግን አይሄዱም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲንጀራቸውን ያንኳኳሉ። አንዱን ፈቃድ ጠይቄ አነሳሁት። እግሩን ከመርገጫው ሳያነሳ «አሳየኝ» አለ። የሚታይ ነገር እንደሌለ ነገርኩት። ልጆች ከበውን ነበር፤ አንዱ ካሜራዋን ገልብጦ ጀርባዋን አየ። ጥቁር ቆርቆሮ ብቻ ነው። «ውሸቱን ነው፣ አላነሳህም» አለው ለልብስ ሰፊው። ሰውየው ሳቀ። «እንግዲያው ይዘህልኝ ና» አለኝ። በስልክ ባነሳው ኖሮ አይቶ ይረሳው ነበር። አሁን ዕዳ ገባሁ። አዲስ አበባ ላይ ይህቺን ካሜራ ሳወጣ ጥበቃ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ልጆች መጡ።

ቀጥሎ ራምቦ ቤት። ፈረንሳዊው ገጣሚ ግጥሙን ትቶ ለንግድ ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነው። ሙዚየም የሆነው ቤት እሱ የኖረበት አይደለም ይባላል። እኔን የሳበኝ ካሜራው ነው። ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1883 ሐረር ውስጥ ፎቶ አንስቷል፣ የራሱንም ጭምር። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ፎቶዎቹ ነጭ ሆነውብኛል ብሎ ያማርራል፤ ያጠበበት ውሃ መጥፎ ነበር። የሆቴሌን ቧንቧ አስታውሼ ሳቅሁ።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። ፊልሙ አልቆ መልሼ ስጠቀልለው መጠቅለያው ድንገት ባዶውን መዞር ጀመረ። ፊልሙ ውስጥ ተበጥሷል። ክዳኑን ከከፈትኩ ብርሃን ገብቶ ያቃጥለዋል፣ ልብስ ሰፊውም አብሮ ይሄዳል። የሙዚየሙ ጠባቂ ፊቴን አይቶ፣ ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሽማግሌ አሉ ብሎ ወሰደኝ።

ሽማግሌው ካሜራዋን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ዜኒት! ይቺ እንኳን ድንጋይ ላይ ብትጥላት ድንጋዩን ነው የምታዝንለት» አሉ። የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ወፍራም ካፖርት አስመጡ። ካሜራዋንና ባዶ የፊልም ዕቃ ካፖርቱ ውስጥ ከተቱ። ዚፑን ዘጉ፣ ጫፉንና አንገቱን እጥፍ አድርገው ከታች ሸጎጡ፣ ከላይ ብርድ ልብስ ጣሉበት። ከዚያ እጃቸውን በእጅጌው በተቃራኒ በኩል አስገቡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክዳኑ ጠቅ ሲል ሰማሁ።

«አባባ፣ ይወጣል?» አልኩ።

«ዝም በል፣ በጣቴ እያየሁ ነው» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ። ጥቁርና ነጩን እዚሁ ያጥቡ ነበር። ባለቀለሙን አዲስ አበባ ይልኩ ነበር፤ ደንበኛ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል፣ ማንም አያጉረመርምም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ዕቃውን ከድነው አወጡ። በፕላስተር አሸጉት፤ «ጨለማ ውስጥ ካልሆነ እንዳይከፈት» ብለው አስጠነቀቁኝ።

ገንዘብ ባወጣ ተቆጡ። ፎቶ አንሳኝ አሉ። ሁለተኛውን ፊልም አጉርሼ በራቸው ላይ አቆምኳቸው። ማለቴ ራሳቸው ቆሙ፤ ብርሃኑ በየት በኩል መምጣት እንዳለበት ያዘዙትም እሳቸው ናቸው።

ማታ ጅብ ወደሚመገብበት ሄድኩ። ብርሃኑ የባጃጅ መብራት ብቻ ነው፤ ዜኒት ደግሞ ከ30ኛ ሰከንድ የዘገየ ቁጥር የላትም። ሌንሱን እስከ 2 ከፍቼ አንዷን አነሳሁና መቶ ብሬን ተሰናበትኩ። ከዚያ እንደ ሰው ሁሉ ስልኬን አወጣሁ።

ፊልሞቹ አሜሪካ ሄደው ታጠቡ፤ ፎቶዎቹ በቴሌግራም መጡ። ጅቡ የለም፣ ሁለት የሚያበሩ ነጥቦች አሉ። ልብስ ሰፊው ግን እግሩ መርገጫው ላይ፣ ጨርቁ ላይ የወደቀችው ፀሐይ ሳትቀር ወጥቷል። የሁለቱንም ፎቶ አሳትሜ ለሽማግሌው በአውቶቡስ ላክሁ። ረዳቱ ለአንድ ፖስታ 200 ብር ተቀበለኝ።

በሁለተኛው ቀን ተደወለ።

«ልጄ፣ ደርሶኛል፤ ጥርት ያለ ነው» አሉ። «ግን ጎን ላይ ያለው ባሊ ምን ይሠራል? ዜኒት ከምታሳይህ በላይ እንደምታስገባ አጎትህ አልነገረህም? የልብስ ሰፊውን አድርሼለታለሁ። ወዶታል። እሱ ምን ያውቃል!»