ዶፍ ዘነበ፣ ካሜራው ግን አላየውም

የኔ ሥራ ፊልም ቀረጻ ላይ ኮንቲኒዩቲ ነው፤ በተለያየ ጊዜ የተቀረጸው ነገር ሲሰፋ እንዲገጥም መጠበቅ ማለት ነው። ተዋናዩ ብርጭቆውን የያዘው በግራ እጁ ነው በቀኝ፣ የሸሚዙ ስንት ቁልፍ ተከፍቶ ነበር፣ ፀጉሯ ከጆሮዋ ፊት ነበር ወይስ ኋላ እያልኩ ስጽፍና ፎቶ ሳነሳ እውላለሁ። ሁሉም «እንቀጥል» ሲል «ቆይ አንዴ» የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። እንደምትገምቱት ብዙም አልወደድም።

የዛሬው ወሬ ግን ስለ አንድ የዝናብ ትዕይንት ነው። ሁለት ፍቅረኛሞች መንገድ ዳር ቆመው ለመጨረሻ ጊዜ ያወራሉ። ይዘንባል። እሷ ትሄዳለች፣ እሱ ቆሞ ይቀራል። ስክሪፕቱ ላይ «ውጪ፣ አመሻሽ፣ ዶፍ ዝናብ» ይላል፣ በቃ። ደራሲው ይቺን ለመጻፍ አፍታም አልፈጀበትም። ለቀረጻ ቡድኑ ግን የውሃ ቦቴ፣ ወፍራም ቱቦ፣ ከላይ የሚሰቀል መርጫ፣ ትርፍ ልብስ፣ የፎጣ ክምር፣ ማሞቂያና ብዙ ንጭንጭ ማለት ነው።

ቦቴው መጥቶ ቆሟል። መርጫው ሊሰቀል ሲል ሰማዩ ጠቆረ፣ ካፊያ ጀመረ፣ ወዲያው ዶፉ ወረደ። ፕሮዲዩሰሩ ደስታውን አልቻለውም። «ፈጣሪ በነፃ ልኮልን እኛ ውሃ በቦቴ እንገዛለን እንዴ?» አለና ሹፌሩን አሰናበተው። ዳይሬክተሩም ልቡ ተነሳ፤ እውነተኛ ዝናብ፣ እውነተኛ ስሜት ምናምን እያለ ተዋናዮቹን ወደ ቦታቸው ጠራ።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ያልተደሰቱ አንድ ሰው ነበሩ። የመብራት ኃላፊያችን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው። እሳቸው ከረዳቶቻቸው ጋር መሬት ላይ የተዘረጋውን ኬብል እያነሱ፣ መጋጠሚያውን በላስቲክ እየጠቀለሉ ነበር። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ሲሆኑ ቀልድ የለም፤ የታሰበበት ዝናብ ሲሆን ኬብሉ ከመጀመሪያው ከፍ ተደርጎ ይዘረጋል፣ ድንገተኛ ሲሆን ደግሞ ሩጫ ነው። ሥራቸውን ሲጨርሱ መጥተው ሞኒተሩን አዩና፦

«ይሄ ዝናብ እኮ አይታይም» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት? በስብሰን ቆመን እኮ ነው» አለ ፕሮዲዩሰሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ቀረጽነው። ሁለቱም ጥሩ ተጫወቱ፣ እሷማ ዕንባዋን ሁሉ አመጣችው። ከዚያ መልሰን ስናየው ሞኒተሩ ላይ ሁለት የበሰበሱ ሰዎች ቆመዋል፣ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል፣ ልብሳቸው ይንጠባጠባል። ዝናብ ግን የለም። ከመዋኛ ገንዳ ወጥተው ልብስ መቀየር የረሱ ነው የሚመስሉት። ዳይሬክተሩ የሞኒተሩን መስታወት በእጅጌው ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። መስታወቱ ንጹህ ነበር።

ምክንያቱ ሲነገር ቀላል ነው። የዝናብ ጠብታ ትንሽ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርሃን አሳላፊ ናት። ከፊት ብታበራባት አትታይም። ከጀርባዋ ያለው ግራጫ ሰማይ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ትጠፋለች። የኛ ዓይን ዝናቡን የሚያውቀው በድምፁም፣ ቆዳችን ላይ በሚያርፈው ቅዝቃዜም፣ መሬት ላይ በሚነጥረው ውሃም ተረድቶ ነው። ካሜራ ይሄ ሁሉ እርዳታ የለውም። እሱ የሚያውቀው ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ ዝናብን በፊልም ለማሳየት መብራቱ ከዝናቡ ጀርባ ሆኖ ወደ ካሜራው አቅጣጫ መምጣት አለበት፣ ከኋላ ያለው ነገር ደግሞ ጨለም ማለት አለበት።

ጋሼ አልተከራከሩም። ተዋናዮቹን ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን አዛወሯቸው፤ ከጀርባቸው ሰማዩ ወጥቶ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ገባ። ከዚያ አንዱን ልጅ መብራት አሸክመው ከዛፉ ግንድ ኋላ ሰደዱት። «እዚያ ሁን፣ ወደኛ አብራ። ዝቅ አድርግ። በቃ።» ሞኒተሩ ላይ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደ። እያንዳንዱ ጠብታ የብር ክር ሆኖ ይታያል፣ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ፍንጥርጥር ሲል ሁሉ ይለያል። ያው ዝናብ ነው እኮ! ከመጀመሪያው ጀምሮ እየዘነበ የነበረው። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ «ውይ!» ስትል ትዝ ይለኛል። ፕሮዲዩሰሩ ስልኩን አውጥቶ የሚያነብ መሰለ።

ይሄ ነገር ለኛ አዲስ ይሁን እንጂ የሙያው የጥንት ራስ ምታት ነው። ጃፓናዊው ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1950 «ራሾሞን»ን ሲሠራ ያ ትልቁ በር ላይ የሚወርደው ዶፍ ደመናማው ሰማይ ላይ አልታይ ብሎት ነበር። መፍትሔው? ውሃው ውስጥ ጥቁር ቀለም በጥብጦ በቱቦ ማስረጨት። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማንም አይነቃም። «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» የሚባለው የሆሊውድ ፊልም ላይ ደግሞ ውሃው እንዲታይ ወተት ተቀላቅሎበታል የሚል ወሬ ለዓመታት ሲዞር ኖሯል። ተረት ነው። ያንን ዝናብ ያሳየው እንደ ጋሼ ከኋላ የመጣ መብራት ነው። እውነት የሆነው ነገር ተዋናዩ ጂን ኬሊ ያንን ሁሉ ደስታ የጨፈረው 39 ዲግሪ ትኩሳት ይዞት መሆኑ ነው፤ እኔን ከወተቱ ይልቅ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው።

ወደኛ ልመለስ። ሰፊውን ሾት፣ ሁለቱ አንድ ላይ የሚታዩበትን፣ ጨረስን። ቀጥሎ የእሱ ፊት በቅርበት ሊቀረጽ ካሜራው ቦታ ቀየረ፣ ሌንስ ተለወጠ፣ መብራቱ እንደገና ተሠራ። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ሁሉም ነገር ሲያልቅ ዳይሬክተሩ «ዝግጁ!» አለ። ዝናቡም አባራ።

ሁሉም ዞሮ ወደኔ አየ። እኔ ያባራሁት ይመስል።

አስቡት። አንድ ትዕይንት በአንድ ጊዜ አይቀረጽም። መጀመሪያ ሁለቱን አንድ ላይ ታነሳለህ፣ ከዚያ እሱን ብቻ፣ ከዚያ እሷን ብቻ፣ ከዚያ እጃቸውን፣ ጫማቸውን። ኤዲተሩ በኋላ ቆራርጦ ይሰፋዋል። ተመልካቹ ጋ ሲደርስ የሁለት ደቂቃ ወሬ ነው፣ እኛ ጋ ግን ግማሽ ቀን ነው። በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ የሰማዩ ዝናብ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ይቆማል፣ ነፋስ ያዘነብለዋል። ሳይስተካከል ቢሰፋ እሱ ሲናገር ዶፍ፣ እሷ ስትመልስ ፀሐይ ይሆናል። «ሰፊው ላይ ዶፍ ነው፣ ይሄ ካፊያ እንኳን አይደለም፣ አይገጥምም» አልኩ። ፕሮዲዩሰሩ ምንም ሳይል ወደ ጎን ሄዶ ቦቴ ሹፌሩ ጋ ደወለ። ሰውየው ብዙ ርቋል።

ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች እውነተኛ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን የራሳቸውን ዝናብ የሚያዘንቡት። አርቴፊሻሉን ስትፈልግ ትከፍተዋለህ፣ ስትፈልግ ትዘጋዋለህ፣ ውፍረቱ ሁሌም አንድ ነው። ቦቴው ተመልሶ፣ መርጫው ተሰቅሎ ሥራ ስንጀምር ደግሞ ሰማዩ እንደገና ማካፋት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ግን ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

መርጫው ራሱ ጣጣ አለው። ተዋናዮቹ ላይ ብቻ ካዘነብክ ሻወር ቤት ነው የሚመስለው። ከኋላቸውም መዝነብ አለበት፣ በእነሱና በካሜራው መካከልም ትንሽ መዝነብ አለበት፣ ሌንሱ ላይ ግን አንድም ጠብታ ማረፍ የለበትም። እዚህ ላይ ዳይሬክተሩ ሂችኮክ «ሳይኮ» ለሚለው ፊልሙ የሠራውን ዘዴ እወደዋለሁ። እዚያ ሻወር ትዕይንት ውስጥ መርጫውን ፊት ለፊት ከታች የምናይበት ሾት አለ፣ ውሃው ወደኛ ይመጣል፣ ሌንሱ ግን አይረጥብም። የመርጫውን የመሃል ቀዳዳዎች ደፍነው፣ ካሜራውን ራቅ አድርገው በረዥም ሌንስ ነው ያነሱት። ውሃው የሚወጣው ከዳር ዳር ስለሆነ በካሜራው ግራና ቀኝ ያልፋል። ርካሽ ዘዴ ነው፣ ግን ይሄው እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ሰው እያየው ነው።

የካሜራው ሰውም የራሱ ጭንቀት ነበረው። በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ስትቀርጽ እያንዳንዱ ፍሬም የሴኮንድ 1/48 ያህል ብርሃን እንዲያገኝ ማድረግ የተለመደ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ጠብታዋ ትንሽ ስለምትወርድ ተስባ እንደ ክር ትታያለች። ሹተሩን ካጠበብከው፣ ማለትም ብርሃኑ የሚገባበትን ጊዜ ካሳጠርከው፣ ጠብታዎቹ ነጥብ ነጥብ ሆነው ይቆማሉ። ለጦርነት ትዕይንት ያምራል። ለፍቅር መለያያ ክሩ ይሻላል። ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ ካሜራማኑ ግን ተስማምቷል።

ወደ ተዋናዮቹ ስንመጣ፣ ሰው አንዴ ከበሰበሰ በኋላ መልሶ ደረቅ ማድረግ ከባድ ነው። የእሷ ቀሚስ ሦስት ቅጂ ነበረው። አንዱ ገና የረጠበ፣ አንዱ ግማሽ የበሰበሰ፣ አንዱ የሚንጠባጠብ። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የትኛው ቀሚስ እንደተለበሰ የጻፍኩበት ወረቀት ራሱ በስብሶ ነበር። ሌላም አለ፦ በመጀመሪያው የሰማይ ዝናብ ከንፈሯ በብርድ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፣ እውነተኛ ሰማያዊ። በኋላ ብርድ ልብስ ለብሳ፣ ማሞቂያ አጠገብ ተቀምጣ ስትመጣ ከንፈሯ ቀልቷል። ፎቶውን ለሜካፕ ባለሙያዋ አሳየኋት፤ ሰማያዊውን በብሩሽ መልሳ ቀባችው። ፊልሙን ያዩ ሰዎች ያቺን ከንፈር በቅርበት አይተው «ምን ዓይነት ትወና ነው!» ሲሉ ሰምቻለሁ። ትወናዋ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ከንፈሩ ግን ቀለም ነው።

ለነገሩ እኛስ ሰው ነበር የምናደርቀው። «ጁራሲክ ፓርክ» ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ማለቴ ነው፣ ያ ግዙፍ ሜካኒካል ቲ ሬክስ ዝናብ ውስጥ ሲቆም ቆዳው ውሃውን እየመጠጠ ይከብድና ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀረጻው በቆመ ቁጥር ዳይኖሰር በፎጣ የሚያደርቁ ሰዎች ነበሩ። የኛን ፎጣ ያዥ ልጅ ይሄንን ነግሬው ትንሽ ተጽናና።

ድምፁን ሳላነሳ ባልፍ ሳውንድ የሚሠራው ጓደኛዬ ይቀየመኛል። የቦቴው ሞተር ይጮሃል፣ መርጫው ያፏጫል፣ ውሃው አስፋልት ላይ ሲወርድ እንደ ጭብጨባ ነው። ከካሜራው እይታ ውጪ ያለውን መሬት ሁሉ የውሃውን ድምፅ በሚያበርድ ወፍራም ምንጣፍ ሸፈነው፣ ማይኩንም አለበሰው፣ ሆኖም ከዋናው ንግግር ግማሹን እንኳን አላተረፈም። በመጨረሻ ሁለቱም ስቱዲዮ ገብተው የራሳቸውን ከንፈር እያዩ እንደገና ተናገሩት። ቆሻሻ ድምፅ የሚያመጣ ውበት የድሮ ችግር ነው፤ ሆሊውድ ውስጥ በአንድ ወቅት ለበረዶ የሚጠቀሙት ነጭ ቀለም የተቀባ ኮርንፍሌክስ ነበር፣ ሲረግጡት እየተንኮሻኮሸ ንግግሩን ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ነው እሳት ማጥፊያ አረፋን ከሳሙናና ከውሃ ጋር ቀላቅሎ ድምፅ የሌለው በረዶ ያመጣው። የኛ ሳውንድ ሰው ድምፅ የሌለው ዝናብ የሚሠራ ሰው እስኪገኝ ድረስ ዝናብ ያለበት ስክሪፕት አላነብም ብሎ ምሏል። እንደገና እንደሚያነብ ግን አውቃለሁ።

ትዕይንቱ ያለቀው ሌሊት ነው። ፊልሙ ላይ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ይሆናል። ከሰማዩ ዝናብ ውስጥ የተረፈው ያ ሰፊ ሾት ብቻ ነው፣ ያም ከዛፉ ጀርባ ተደብቆ መብራት ይዞ በበሰበሰው ልጅ ምክንያት ነው። የቀረው ሁሉ የቦቴ ውሃ ነው። የቱ የሰማይ የቱ የቦቴ እንደሆነ ለይ ብባል ማስታወሻዬን ካላየሁ እኔም አልለይም።

ከዚያ በኋላ ፕሮዲዩሰሩ ሌላ ሥራ ጀመረ። እሱ ደግሞ ጭጋግ ያለበት ትዕይንት አለው። አንድ ቀን ከጋሼ ጋር ተቀምጠን ስልካቸው ጮኸ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው አነሱት። ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ እዚህ ጠዋት ጠዋት የተፈጥሮ ጭጋግ አለ፣ የጭስ ማሽኑን ልተወው ወይስ ልከራየው?» አለ።

«ከጭጋጉ ኋላ ምን አለ?» አሉት።

ትንሽ ዝም አለና፣ «ሄጄ ልየውና ልደውል» ብሎ ዘጋ።